ገጽ አርባ አንድ

ሩሀማ ደብተሩን መልሳ ለመውሰድ ሦስት ጊዜ ሞክራ ሦስቱንም ጊዜ አልሆነላትም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንደኛው አዳራሽ ወንበር ይደረደራል፣ መጋረጃ ይዘጋል፣ ፕሮጀክተሩ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ነጩን ግድግዳ ያበራል። ቢኒያም ከግድግዳው በስተግራ ካለችው ትንሽ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ የማይክሮፎኑን ገመድ ያፍታታል። ደብተሩ ክርኑ ሥር ነው። መጀመሪያ «አንድ ቃል ላስተካክል» ብላ ጠየቀችው፤ «የተጻፈው ተጽፏል፣ ተይው» አላት። ቀጥላ ውሃ ወሰደችለት፤ ውሃውን ተቀበላት፣ ክርኑን ግን አላነሳም። በሦስተኛው እጇን እስከ ደብተሩ ድረስ ዘርግታ ሳለ ቀና ብሎ አያት፤ እጇም የጠረጴዛውን ጨርቅ ሊያስተካክል የሄደ መስሎ ተመለሰ።

ደብተሩ ላይ የአንድ የጀርመን ፊልም ንግግር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሩሀማ የእጅ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ተመልሶ ሰፍሯል። ገጽ አርባ አንድ ላይ ያለው ግን የፊልሙ አይደለም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለቢኒያም መንገር ያቃታትን ነገር እዚያ ገጽ ላይ ጽፋዋለች። ቢኒያም ደግሞ ያንን ገጽ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ዛሬ፣ በሁለት መቶ ሰው ፊት፣ ማይክሮፎኑ አፉ ላይ ሆኖ ነው፤ ምክንያቱም አስቀድሞ አያነብም። ድሮም አያነብም ነበር። «ቀድሜ ካነበብኩት አፌ ላይ ይሞትብኛል» ይላል።

ድሮ ማለት ታቦር ሰፈር የነበረው ቪዲዮ ቤት ነው። አሁን ፈርሶ ፎቅ ወጥቶበታል፤ ያኔ ግን በቆርቆሮ የተከደነ፣ መስኮቱ በጆንያ የተሸፈነ፣ ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች የተደረደሩበት ቤት ነበር። ቢኒያም የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነው፤ የልብስ ሰፊዋ የእትዬ ጥሩወርቅ ልጅ። ፊልሙ ከየትም አገር ይምጣ፣ እሱ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ማይክሮፎን ይዞ ይቀመጥና ሁሉንም በአማርኛ ያናግራቸዋል። ጀግናውን ያናግራል፣ ጠላቱን ያናግራል፣ ፈረሱን ሳይቀር ያናግራል። ተዋንያኑ ዝም ካሉ ከራሱ ጨምሮ ይሞላዋል፤ ሽፍታው ሻሸመኔ ዘመድ ይኖረዋል፣ መርማሪው ባጃጅ ይጠራል። ሰዉ ፊልሙን ሊያይ መጣ ይባል እንጂ የሚመጣው ቢኒያምን ሊሰማ ነበር።

ሩሀማም እንደዚያው። የአቶ ኩማ ልጅ ናት፤ አቶ ኩማ ደግሞ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ በሰፈሩ ሲያልፉ ሰው ከመቀመጫው የሚነሳላቸው ነበሩ። የሳቸው ልጅ ቪዲዮ ቤት ታየች ከተባለ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ወሬ ይሆናል። ስለዚህ ሻርፕ ተከናንባ ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ትገባና የመጨረሻው አግዳሚ ጥግ ላይ ትቀመጣለች። ቢኒያም ከማይክሮፎኑ ኋላ ሆኖ ያያታል። ያን ጊዜ ፊልሙ ውስጥ ያለው ሰው፣ ጀግናም ይሁን ሽማግሌ፣ የያዘውን ነገር አቋርጦ «ግቢ፣ ቆይተሻል» ይላል። ተመልካቹ አንዳንዴ ግራ ይጋባል፣ አንዳንዴ ይስቃል። ሩሀማ ሻርፗን አፏ ላይ ትይዛለች። አንድ ሙሉ ክረምት የተዋደዱት እንዲህ፣ በሰው አፍ ነው።

በቀን ሲገናኙ ደግሞ የሐይቁን ዳር ይዘው ይሄዳሉ፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ ትርፍራፊ እየጠበቁ እንደ ሽማግሌ ቆመው ያዩዋቸዋል። አንድ ቀን እዚያ ሲሄዱ ሩሀማ የቤቷን ጉድ ነገረችው። አባቷ ስብሰባ ባለባቸው ቀን በጠዋት ኮትና ክራቫት አድርገው፣ ሱሪው ገና ሳይለበስ፣ በካልሲያቸው ብቻ ከቁም ሳጥኑ መስታወት ፊት ቆመው ንግግራቸውን ይለማመዳሉ። ሲጨርሱ ለራሳቸው ያጨበጭባሉ። ከበሩ ቀዳዳ አጮልቃ ያየችው እሷ ብቻ ናት፤ እናቷ እንኳ አያውቁም። ነግራው ሁለቱም እስኪያማቸው ሳቁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢኒያም ወሬውን ለሰው ሰጠው። ፊልሙ ውስጥ አንድ ክፉ አገረ ገዢ ነበር፤ ወደ አደባባይ ሲወጣ ቢኒያም «ክቡርነታቸው ዛሬም በካልሲያቸው ከመስታወት ፊት ቆመው፣ ንግግራቸውን ተለማምደው፣ ለራሳቸው አጨብጭበው ነው የመጡት» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሰዉ የሳቀው በፊልሙ ሰውዬ ነው፤ አቶ ኩማን ማንም አላሰበም። ሩሀማ ግን የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ መቶ ሰው በአባቷ ሲስቅ ሰማች። ተነስታ እያለቀሰች ወደ ቤቷ ሄደች። አባቷ «ምን ሆነሽ ነው ልጄ?» ሲሏት ሁሉንም ተናገረች። የቢኒያምን ስም ከነአባቱ ስም ተናገረች።

ጊዜው የሰው አፍ የሚጠበቅበት ጊዜ ነበር። አቶ ኩማ ለሚመለከተው ክፍል አንድ ገጽ ጻፉ፤ ባለሥልጣንን በአደባባይ ማዋረድ፣ ሕዝብን ማነሳሳት የሚል። ልጁ ለሦስት ቀን ያህል ታስሮ እንዲደነግጥ ብለው ነው፤ ዛሬም የሚሉት ይህንኑ ነው። ወረቀት አንዴ ከእጅ ከወጣ ግን የጻፈውን ሰው አይሰማም። ሦስቱ ቀን ስምንት ወር ሆነ። ቢኒያም ከእስር ሲወጣ ቪዲዮ ቤቱ ተዘግቷል፣ እሱም ማይክሮፎን የሚባል ነገር አልነካም። ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለችው ቱላ ወርዶ ሬዲዮና ስልክ መጠገን ጀመረ። ሩሀማ አንድም ቀን ልትጠይቀው አልሄደችም። እሱም አንድም ቀን አልመጣም፤ ዝምታውን እንደ ቂም ቆጠረችው፣ ሲያንሰኝ ነው አለችም።

ከሦስት ሳምንት በፊት ግን ሄደች። ሩሀማ አሁን ጀርመን አገር ሊሠሩ ለሚሄዱ ነርሶች ጀርመንኛ ታስተምራለች፤ የቋንቋ ትምህርት ቤቱም በዓመት አንድ ቀን ፊልም ያሳያል። አምና ግማሹ ተመልካች ምንም ሳይገባው ተነስቶ ስለሄደ ዳይሬክተሩ አቶ ተስፋዬ «ለምን እንደ ድሮው ቪዲዮ ቤት ሰው ተቀምጦ አይተረጉምልንም?» አሉ። ሩሀማ የምታውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ቢኒያም ሱቁ ውስጥ የአንድ አሮጌ ሬዲዮ ሆድ ከፍቶ ነበር። ጢሙ ውስጥ ነጭ ገብቷል። ሲያያት መበየጃውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ሩሀማ» አለ።

«ደህና ነህ ቢኒ? እትዬ ጥሩወርቅ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናት። ዓይኗ ደከመ እንጂ። አሁንም ትሰፋለች፤ ክሩን መርፌው ውስጥ የማስገባላት እኔ ነኝ።»

የመጣችበትን ነገረችው። ሬዲዮውን አገላበጠ፣ አንድ ሽቦ ነካ፣ ተወው።

«ስለ ምንድነው ፊልሙ?»

«ስለ አንዲት ሴት። የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ትሠራለች። ሰው ይናገርባትና ያስሯታል። ፊልሙ የሚጀምረው ከወጣች በኋላ ነው። ሐይቅ ዳር ያለ ቤት ትገባና እንደገና መኖርን ትማራለች። ጀርባዋን ለበር ሰጥታ መቀመጥ፣ መብራት አጥፍታ መተኛት፣ ከሰው ጋር መብላት። የአገሩ ትልልቅ ሰዎችም አሉበት፣ ክርክር አለበት። ዋናው ግን እሷ ናት።»

«መብራት አጥፍታ መተኛት» አለ ቢኒያም ለራሱ። ከዚያ «መጨረሻ ላይ ትድናለች?» ብሎ ጠየቃት።

«ትድናለች። ግን ቀስ ብላ።»

ቢኒያም ሬዲዮውን ከደነ። «ቀስ ብላ ከሆነ እሞክራለሁ» አላት።

ሩሀማ ከቱላ እስከ ቤቷ ባጃጅ ውስጥ ፊቷን ወደ ውጭ አዙራ ሄደች፤ ሾፌሩ እንባዋን እንዳያይባት።

ደብተሩን በአሥር ቀን ጻፈችው። ገጽ አርባ አንድ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። እዚያ ቦታ ላይ በሴትዮዋ ላይ የተናገረችባት ጓደኛዋ ከብዙ ዓመት በኋላ በሯን ታንኳኳለች። በሩ ይከፈታል። ሁለቱ ሴቶች ይተያያሉ፤ አራት ደቂቃ ሙሉ አንድ ቃል አይናገሩም። ገጹ ባዶ ነው። ሩሀማ ባዶውን ገጽ ስታይ ቆየችና ፊት ለፊት መናገር ያቃተው ሰው የሚያደርገውን አደረገች።

«ቢኒ፣ እዚህ ላይ አራት ደቂቃ ማንም አይናገርም፤ አንተም ዝም ብለህ ይህን አንብብ። ያን ቀን ለአባባ የነገርኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ሰው ሲስቅ ተቃጥዬ ነገርኩ፣ ከነአባትህ ስም ነገርኩ። ስምንት ወርህን የበላሁት እኔ ነኝ። ድምፅህን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ ልልህ አፍ የለኝም። ማን እንደሆነ ሳታውቅ እንዳትኖር ብቻ ነው። ሩሀማ።»

ሐሙስ ዕለት ደብተሩን ሰጠችው። ዓርብ ጠዋት ስትነቃ ያደረገችው ነገር ገባት። ዘጠኝ ዓመት ዝም ያለ ሰው ሊናገር አፉን ሲከፍት፣ እዚያው መሃል ላይ፣ ሰው ፊት ልትመታው ነው። ማይክሮፎኑን ጥሎ ቢወጣ ዳግመኛ አይነካውም። ያኔ ድምፁን ሁለት ጊዜ የቀማችው እሷ ትሆናለች።

ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረ። ልትወጣ ስትል ከአባቷ መኝታ ቤት ድምፅ ሰማች። አቶ ኩማ ጡረታ ከወጡ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል፤ የሚናገሩበት ስብሰባ የለም። በበሩ ቀዳዳ አየች። ሽማግሌው ኮትና ክራቫት አድርገው፣ ቀጫጭን እግራቸው በካልሲ፣ ከመስታወቱ ፊት ቆመዋል።

«ልጄ ቢኒያም፣ እኔ ለሦስት ቀን ብዬ ነበር» ይላሉ። ያቆማሉ። ጉሮሯቸውን ጠርገው እንደገና «ልጄ ቢኒያም» ይላሉ። ከዚያች አያልፉም። መጨረሻ ላይ አልጋው ላይ ተቀመጡ፤ አላጨበጨቡም።

ሩሀማ ገብታ ሱሪያቸውን ከወንበሩ አነሳችና ሰጠቻቸው።

«ያ ልጅ ነው አሉ የሚናገረው?» አሉ ሳያዩዋት።

«አዎ አባባ።»

«እኔም እመጣለሁ። ከፊት ቦታ ያዢልኝ።»

አይሆንም ልትላቸው ፈልጋ ነበር። በቀዳዳው ያየችው ነገር ግን አፏን ያዘው።

እንግዲህ አዳራሹ ሞልቷል። ነርሶቹ አሉ፣ የነርሶቹ ቤተሰቦች አሉ፣ የቢኒያምን ስም ሰምተው የመጡ የታቦር ሰዎችም አሉ፤ ያኔ ወጣት የነበሩ፣ አሁን ልጅ የታቀፉ። አቶ ኩማ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ከዘራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሩሀማ ከኋላ፣ እንደ ድሮው ጥግ ይዛለች። መብራቱ ጠፋ። ጠረጴዛው ላይ የቀረችው ትንሽ አምፖል የቢኒያምን እጅና ደብተሩን ብቻ ታሳያለች።

መጀመሪያ ድምፁ ሻከረ። አንድ ጊዜ ተሳሳተ፣ አንድ ጊዜ አሳለው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ግን የጥንቱ ቢኒያም መጣ። ሚኒስትሩን በሚኒስትር ድምፅ፣ ጎረቤቷን በጎረቤት ድምፅ ያናግራቸው ጀመር። ሴትዮዋን ሲያናግር ድምፁን አላቀጠነም፤ በራሱ ድምፅ ተናገረላት። ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ መብራት አጥፍታ ስትተኛ አጠገቧ ማንም ስለሌለ የምትለው ነገር አልነበረም። ቢኒያም ግን ዝምታ አይወድም። «ጨለማ ብቻ ነው፣ ምንም የለበትም፣ ጨለማ ብቻ ነው» አለላት። አዳራሹ ውስጥ አፍንጫ የሚጠርግ ሰው ተሰማ። ሩሀማ ይህ ድምፅ እንዴት እንደናፈቃት እስከዚያች ሰዓት አላወቀችም ነበር። ደብተሩ ላይ ገጾች ሲገለጡ ትቆጥር ነበር፤ ሠላሳ ዘጠኝ፣ አርባ።

ግድግዳው ላይ በር ተንኳኳ። ሴትዮዋ ከፈተች። ጓደኛዋ እጆቿን አጣምራ ቆማለች።

ቢኒያም ገጹን ገለጠ።

አምፖሏ ሥር ጣቱ መስመሩን ተከትላ ወረደች፣ ቆመች፣ እንደገና ወረደች። ሰዉ መጀመሪያ ጠበቀ፤ ቀጥሎ መንቀሳቀስ ጀመረ። «ድምፅ ጠፋ» አለ አንድ ሰው። ቢኒያም እጁን ሰዶ ማይክሮፎኑን አጠፋው። ያቺ የማጥፊያዋ ቀጭን ድምፅ ሩሀማ ድረስ መጣች። ዓይኗን ጨፈነች። ሊሄድ ነው አለች በልቧ፤ ይሂድ፣ እውነቱ ነው።

ድምፅ ማጉያው እንደገና ቋ አለ።

«ማን እንደተናገረብኝ» አለ ቢኒያም፣ በሴትዮዋ ቦታ፣ በራሱ ድምፅ፣ «የመጀመሪያውን ቀን ነው ያወቅኩት።»

ሩሀማ ዓይኗን ገለጠች።

«መርማሪው ወረቀቱን አነበበልኝ። መስታወቱን አነበበልኝ። ካልሲውን፣ ጭብጨባውን አነበበልኝ። የማን እንደሆነ ከሰውየው ሌላ በዓለም ላይ የምናውቀው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን፤ እኔና አንቺ። እኔ ለማንም አልተናገርኩም። ስለዚህ አንቺ ነሽ።»

«ካልሲው ደግሞ ከየት መጣ?» አለች ከሩሀማ ፊት የተቀመጠች ሴትዮ። ባሏ «ዝም በይ፣ ቢኒ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፣ ከራሱ ይጨምራል» አላት።

«ሁለት ቀን ተቃጠልኩ» አለ ቢኒያም። «በሦስተኛው ቀን ግን አሰብኩት። ያ ወሬ ያንቺ ነበር። የቤትሽ ነበር። አምነሽ ለእኔ ሰጠሽኝ፤ እኔ ደግሞ ሰው እንዲስቅልኝ ብዬ አደባባይ አወጣሁት። አንቺ ከመክዳትሽ በፊት እኔ ከድቼሻለሁ። ስወጣ ያልመጣሁት ቂም ይዤ አይደለም። ፊትሽን ለማየት አፍሬ ነው። ዘጠኝ ዓመት አፍሬ ተቀመጥኩ። አንቺም የተቀየምኩ መስሎሽ ተቀመጥሽ። በዚህ መሃል ጢሜ ሸበተ።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ ሴትዮዋ ጢም የላትም። ሳቁ ግን ወዲያው ሞተ፤ የድምፁ መንቀጥቀጥ ከፊልሙ እንዳልሆነ ለሁሉም ገብቷል።

ግድግዳው ላይ ሴትዮዋ ፊቷን መለሰችና ወደ ቤቷ ገባች፤ በሩን ግን አልዘጋችውም። ጓደኛዋ ደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች።

«በሩ ክፍት ነው» አለ ቢኒያም። ማይክሮፎኑን ወደ አፉ አስጠጋው። «ግቢ፣ ቆይተሻል።»

ሩሀማ መነሳቷን አላወቀችም። በወንበሮቹ መሃል ስትሄድ የሰው ጉልበት ይመታታል፣ ይቅርታም አትጠይቅም። ፊት ላይ ስትደርስ አባቷ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። የፕሮጀክተሩ ብርሃን ጀርባቸው ላይ አርፎ ግድግዳው ላይ ክራቫት ያደረገ ትልቅ ጥላ ወጣ።

«አባት፣ ይቀመጡልን» አሉ ከኋላ የተቀመጡ ሰዎች።

«ልጄ ቢኒያም» አሉ አቶ ኩማ። «እኔ ለሦስት ቀን» ብለው አቆሙ።

ቢኒያም ማይክሮፎኑን በመዳፉ ከደነው። «ይቀመጡ ጋሽ ኩማ» አላቸው ዝቅ ብሎ። «ፊልሙ አላለቀም። ሲያልቅ እሰማዎታለሁ፤ እስከ መጨረሻው።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ከዘራቸውን በሁለት ጉልበታቸው መሃል ይዘው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ፤ እንባቸውን ግን አልጠረጉም።

ሩሀማ ጠረጴዛው ዘንድ ደረሰች። ወንበሩ አንድ ነው። ቢኒያም ሳያያት ወደ ጎን ተጠጋላትና ግማሹን ለቀቀላት። ግድግዳው ላይ ሁለቱ ሴቶች ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠው መነጋገር ጀምረዋል፤ ሰዉም ምን እንደሚባባሉ ይጠብቃል። ቢኒያም አፉን ከፈተ፣ መልሶም ዘጋው። ማይክሮፎኑን ወደ እሷ ገፋው።

«ይሄን አንቺ ነሽ የጻፍሽው» አላት በሹክሹክታ። «የእንግዳዋን አንቺ በይ። የቤቱን እመቤት ቃል እኔ እላለሁ፤ ትንሽ ልተንፍስ።»

«አላውቅበትም ቢኒ። ይሞትብኛል።»

«አይሞትም። እኔ አለሁ።»

ገጽ አርባ ሁለትን የገለጠው የእሱ እጅ ነው፤ ወረቀቱ እንዳይመለስ የያዘችው የእሷ እጅ ናት። አምፖሏ የሁለቱንም ጣቶች አንድ ላይ ታሳያለች። ሩሀማ ወደ ማይክሮፎኑ አጎነበሰች። ለቁጣው ዘጠኝ ዓመት ስትዘጋጅ ኖራለች፤ ለዚህ ግን ተዘጋጅታ አታውቅም። የመጀመሪያውን ቃል ስታወጣ ድምፅ ማጉያው ድምፅዋን ለአዳራሹ ሁሉ አደረሰው፤ የአጠገቧ ሰው ትንፋሽም አብሮ ተሰማ፤ እሷም እንዲሰማ ተወችው።